ኤትየን፦ የአባቴ ስም በፈረንሳይ አፍ

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በሦስተኛው ቀን፣ ሊዮን ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ ሕፃኑን ኤትየን ሊሉት እንደ ወሰኑ ነገረችኝ። በፈረንሳይ ልደት በአምስት ቀን ውስጥ በማዘጋጃ ቤት መመዝገብ ስላለበት፣ እንደኛ አገር ስሙ ቀስ ብሎ ሕፃኑን እስኪመስል አይጠበቅም። «አባዬ፣ የአያቴን ስም ነው ያወጣንለት» አለችኝና ፊቴን ተመለከተች። አባቴ እስጢፋኖስ ይባል ነበር። ግንባሯን ስሜ መረቅኋት፤ ነገር ግን ወደ ቤት በሚመልሰኝ ባቡር ውስጥ ስሙን በአፌ ደጋግሜ ስለው አባቴን ላገኘው አልቻልሁም። እስጢፋኖስ ስድስት ፊደል ያለው፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚነሣ የሚመስል ስም ነው። ኤትየን ግን ገና ከመጀመሩ ያልቃል።

ልጄ ምክንያት ነበራት፤ ምክንያቷም ትክክል ነበር። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ ቅጹ የቤተሰብ ስም ስለ ጠየቀኝ የአባቴን ስም ጻፍሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስጢፋኖስ የእኔም፣ የሚስቴም፣ የልጆቼም የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። ከጥር 1 ቀን 2005 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ጀምሮ የፈረንሳይ ሕግ ልጅ የእናቱንም የአባቱንም የቤተሰብ ስም አጣምሮ እንዲይዝ ስለሚፈቅድ፣ እርሷና ባለቤቷ ልጃቸው ሁለቱንም እንዲይዝ ተስማምተዋል። እንግዲህ ሕፃኑን እስጢፋኖስ ብትለው በመታወቂያው ላይ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ይጻፍ ነበር። በኤትየን ግን አያቷ ከፊትም ከኋላም ይኖራሉ፤ ከፊት በፈረንሳይኛ፣ ከኋላ በግእዝ መልካቸው።

ይህን ለአባቴ ታናሽ እኅት በስልክ ሳስረዳ አክስቴ እስከ መጨረሻው አዳምጣ «እስጢፋኖስ ከሆነማ እስጢፋኖስ ነዋ! ለምን ቆራርጣችሁ ትጠሩታላችሁ?» አለችኝ። ጥያቄዋ የእኔም ጥያቄ ነበረ። ስሙን የቆራረጠው ማን ነው? ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት፣ ልጄ ወደ ሥራ በተመለሰችባቸው ቀናት ሕፃኑን እየጠበቅሁ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ቆየሁ።

ሥሩ ግሪክኛ ነው። «ስቴፋኖስ» ማለት አክሊል ማለት ነው፤ በጨዋታ ሜዳ ለቀደመ፣ በጦርነት ድል ላደረገ፣ በግብዣ ላይ ለተከበረ ሰው ከቅጠልና ከአበባ ተጎንጉኖ በራሱ ላይ የሚደፋለት ነው። ነገሥታት የሚደፉት ግን በግሪክኛ ሌላ ስም ነበረው። ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ሁለቱን በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ፈረንሳውያን ወዳጆቼ የስሙን ትርጉም ሲሰሙ የሚታያቸው የንጉሥ ወርቅ ነው። አማርኛ በዚህ የታደለ ነው፤ አክሊልና ዘውድ አሉን። እስጢፋኖስ አክሊል ነው እንጂ ዘውድ አይደለም። በሰርግ ቀን ለሙሽሮቹ የሚፈጸመውን ሥርዓት ተክሊል ማለታችን ከዚያው ሥር ስለሆነ፣ እኛ ቃሉን ከድልና ከደስታ ጋር እንጂ ከመግዛት ጋር አናይዘውም። የመጀመሪያው ባለ ስም፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ከሰባቱ አገልጋዮች አንዱ ሆኖ የተመረጠውና በምዕራፍ 7 በድንጋይ ተወግሮ የሞተው ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ቀዳሜ ሰማዕት ሲባል ስሙና ዕጣው ገጠሙ።

አሁን ወደ መቆራረጡ ልምጣ፤ ያስገረመኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። ግሪኮች ስሙን የሚጀምሩት አናባቢ በሌለው «ስ» ሲሆን ወዲያው «ቴ» ይከተላል። ግእዝ ሁለት ተነባቢ ተጣብቀው ቃል እንዲጀምሩ ስለማይወድ ከፊት «እ» ጨመረና እስጢፋኖስ አለ። ይህ ልማድ ዛሬም ከእኛ ጋር ነው፤ እስፖርት፣ እስቴድየም፣ እስክሪብቶ የምንለው በዚሁ ምክንያት ነው። በጎል ምድር፣ ማለትም በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ላቲን ይናገር የነበረው ተራ ሕዝብም ልክ እንደኛው አፉ አልፈቀደለትም። «ስቴፋኑስ» የሚለውን የላቲን መልክ ሲጠራ ከፊቱ አናባቢ አስቀደመ፤ ስሙ «ኢስ»፣ በኋላም «ኤስ» ብሎ የሚጀምር ሆነ። «ስኮላ» የነበረው ትምህርት ቤት ኤስኮል፣ «ስቴላ» የነበረችው ኮከብ ኤስትዋል የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። ስፔኖች ኤስቴባን፣ ሃንጋሪዎች ኢሽትቫን፣ ዐረቦች ኢስጢፋኖስ የሚሉት እነርሱም ያንኑ እርዳታ ፈልገው ነው። አክስቴ እንደ ጉዳት የቆጠረችው የፈረንሳዮቹ «ኤ» እንግዲህ የእኛው «እ» ወንድም ነው። ተራራና ባሕር የሚለያቸው፣ አንዱ ሌላውን ሰምቶ የማያውቅ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ስም ፊት ቆመው አንድ ዓይነት መፍትሔ አገኙ። ይህን የተረዳሁ ዕለት ሕፃኑን ከአልጋው አንሥቼ ስሙን ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሮሮዬ ላይ አልቆመብኝም።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ግእዝ ቃሉን በብራና ላይ ጽፎ በቅዳሴና በስንክሳር እየደጋገመ እንዳለ ጠበቀው። ላቲን ግን በጎል አፍ ላይ እየተፋቀ ሄደ። መጨረሻው ረገፈ። መካከል የነበረው «ፈ» ላልቶ «ቨ» ሆነ፤ ቀጥሎም ጠፋ። ይህ ግምት አይደለም፤ «ቨ» በሌሎች ስሞች ውስጥ ዛሬም ይገኛል። ቴቭኔ፣ ቴቭኖ፣ ቴቭናን የሚባሉ የፈረንሳይ የቤተሰብ ስሞች የእስጢፋኖስ የልጅ ልጆች ናቸው፤ በደቡብ ደግሞ ኤስቴቭ የሚለው መልክ «ስ»ንም «ቨ»ንም እንደያዘ አለ። በሰሜን ግን ስሙ ኤስትየን ሆነ፤ በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከተነባቢ በፊት ያለው «ስ» ከሰው አፍ ሲወጣ ኤትየን ቀረ። ጽሕፈት ከአፍ ይዘገያልና «ስ» በወረቀት ላይ ሳትነበብ ብዙ መቶ ዓመት ኖራለች። በ1740 የወጣው የፈረንሳይ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ሦስተኛ እትም እንዲህ ያሉትን የማይነበቡ ፊደላት ከብዙ ቃላት አስወጥቶ በቦታቸው ምልክት አደረገ። ዛሬ በኤትየን የመጀመሪያ ፊደል ራስ ላይ የምትታየው ትንሽ ጭረት የቆመችው የወጣችው «ስ» በነበረችበት ቦታ ነው።

የቁልምጫው ስምም አስገርሞኛል። እኛ ስናቆላምጥ መጀመሪያውን ይዘን መጨረሻውን እንተዋለን፤ አባቴ ለእናቱ «እስጢፍ» ነበር። የፈረንሳይ ገጠር ሰዎች ደግሞ መጀመሪያውን ትተው መጨረሻውን ይዘው «ትየኖ» ይሉ ነበር። ሁለቱ ቢገጣጠሙ ሙሉ ሰው ይወጣቸዋል።

ስሙ በፈረንሳይ እንዲህ ሥር የሰደደው በአጋጣሚ አይደለም። በ415 በኢየሩሳሌም አቅራቢያ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዐፅም ተገኘ የሚለው ዜና በምዕራቡ ዓለም ሲሰማ፣ ከዐፅሙ ቅንጣት ያገኙ ከተሞች በስሙ አብያተ ክርስቲያናት አቆሙ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የቱር ጳጳስ ግሬጎሪ፣ ሁኖች በ451 የሜስን ከተማ ባቃጠሉ ጊዜ ሳይነካ የቀረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ጸሎት ቤት ብቻ እንደ ነበር ይተርካል። የዛሬው የሜስ ካቴድራል በስሙ ይጠራል። ቡርዥ፣ ሳንስ፣ ቱሉዝ፣ ሊሞዥ፣ ካኦር፣ ሞ፣ ሻሎን ሁሉም የቅዱስ ኤትየን ካቴድራል አላቸው። በፓሪስም ቢሆን ኖትርዳም ከመሠራቷ በፊት በዚያው ደሴት ላይ የነበረው አሮጌ ካቴድራል የእርሱ ነበር። ቡርዥ ሄጄ በዚያ ረጅምና ሰፊ ሕንፃ ውስጥ ስገባ፣ ኃይቅ እስጢፋኖስን አንድ ጊዜ ብቻ ለማየት የታደለው አባቴ ይህንንም አይቶት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

በታሪካቸው ውስጥ ደግሞ ሰው ብዙ ልብ የማይለው ነገር አለ። በ754 አልፕስን ተሻግሮ መጥቶ የፍራንኮችን ንጉሥ ፔፓንንና ልጆቹን በሳን ዴኒ ቅብዐ መንግሥት የቀባው የሮም ጳጳስ ኤትየን ሁለተኛ ይባል ነበር። በ816 ወደ ራንስ መጥቶ የሻርለማኝን ልጅ ሉዊን ዘውድ የደፋለትም ኤትየን አራተኛ ነው። ሁለት ጊዜ «አክሊል» የሚባል ሰው በሌላ ሰው ራስ ላይ መንግሥትን አጸና። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ሁሉ ፈረንሳይ ኤትየን የሚባል ንጉሥ አልነበራትም። ሃንጋሪ አምስት ኢሽትቫን የተባሉ ነገሥታት ነበሯት፤ የሰርቢያ የኔማኒች ሥርወ መንግሥት ገዥዎችም ስቴፋን የሚለውን እንደ ማዕረግ ከስማቸው ፊት ያኖሩት ነበር። በፈረንሳይ ግን ስሙ የመነኮሳት፣ የነጋዴዎች፣ የእጅ ጥበብ ሰዎችና የሊቃውንት ሆነ። የፓሪስ ነጋዴዎች አለቃ ሆኖ የንጉሡን ልጅ የተገዳደረውና በ1358 የተገደለው ኤትየን ማርሴል፣ ከወንድሙ ጋር የመጀመሪያውን ባሉን በ1783 ወደ ሰማይ የሰደደው ዣክ ኤትየን ሞንጎልፊዬ፣ በ1860 በጋዝ የሚሠራ ሞተር የሠራው ኤትየን ለኗር፣ የሚሮጥን ፈረስና የሚበርን ወፍ እንቅስቃሴ በፎቶግራፍ የለካው ኤትየን ዡል ማሬ በዚህ ስም የሚጠሩ ናቸው። አክሊል እንጂ ዘውድ አይደለም ያልሁት በዚህም ይታየኛል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዙት ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን አታሚዎች ናቸው። ኤትየን ዶሌ በእኔው ከተማ በሊዮን ያትም ነበር። በ1540 ስለ ትርጉም ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ፈረንሳይኛ ሥርዓተ ነጥብና በፊደል ራስ ላይ ስለሚደረጉ ምልክቶች የሚያስረዱ ክፍሎችን አካተተ። በእምነት ክስ ተፈርዶበት ነሐሴ 3 ቀን 1546 ፓሪስ ውስጥ በሞቤር አደባባይ ተሰቅሎ አስከሬኑ ከመጻሕፍቱ ጋር ተቃጠለ። በዚያው ዘመን ፓሪስ ውስጥ ኤስትየን የሚባል ቤተሰብ ነበር፤ ስሙ የቤተሰብ ስም ስለሆነ አካዳሚው ሳይነካው «ስ»ን ይዞ እስከ ዛሬ ይጻፋል፤ ሲነበብ ግን ኤትየን ነው። በ1889 የተመሠረተው የመጽሐፍ ሥራ ትምህርት ቤት በፓሪስ በዚህ ቤተሰብ ስም ይጠራል። ከቤተሰቡ ሮቤር ኤስትየን የንጉሡ አታሚ ነበር፤ ያቺን ጭረት በፊደል ራስ ላይ አድርገው ፈረንሳይኛ ካተሙ የመጀመሪያዎቹ ሰዎችም አንዱ ነው። እንግዲህ በኋላ በኤትየን ስም ላይ የምትቆመውን ምልክት ካስለመዱት ሰዎች መካከል አንዱ የመጠሪያ ስሙ፣ ሌላው የቤተሰብ ስሙ ኤትየን ነበር።

ሮቤር ኤስትየን ከፓሪስ ሊቃውንት ጋር ባለመስማማቱ በ1550 ወደ ጄኔቫ ተሰደደ፤ በ1551 ባሳተመው ሐዲስ ኪዳን ላይ ምዕራፎቹን በቁጥር ከፋፈለ። እኛ ዛሬ «የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ቁጥር 59» ብለን የእስጢፋኖስን ሞት ስንጠቅስ፣ ያንን ቁጥር የሰጠው ራሱ የእስጢፋኖስ ስም ያለው ሰው ነው። ልጁ አንሪ በ1578 ያሳተመው የፕላቶ መጻሕፍት የገጽ ቁጥርም እስከ ዛሬ ሊቃውንት ፕላቶን የሚጠቅሱበት ነው፤ ቁጥሮቹ በላቲን ስሙ «ስቴፋኑስ» ይባላሉ። ይህን ሳነብ ወዲያው ያስታወስሁት ሮምን ነው። በቫቲካን ውስጥ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ የነበረው ቤት የቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ ከዚያ ቤት ነዋሪዎች አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ውስጥ አሳተሙ። ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ሮቤር ኤስትየን ቁጥሮቹን አወጣ። ሁለቱ መገናኘታቸውን የሚናገር ነገር የለም፤ ነገር ግን በአንድ ዐሥር ዓመት ውስጥ፣ ከስደት ቤት፣ በአንድ ሰማዕት ስም ጥላ ሥር፣ አንዱን መጽሐፍ በየበኩላቸው ለወገናቸው ያደርሱ ነበር። ስደት ላይ ላለ አንባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ስሙ አጠቃቀም ስመለስ፣ በፈረንሳይ ስም ማውጣት ለረጅም ጊዜ የወላጅ ፈቃድ ብቻ አልነበረም። በአብዮቱ ጊዜ ቅዱሳን ከስም ሁሉ ሲባረሩ የሴንት ኤትየን ከተማ ራሷ አርም ቪል፣ ማለትም የጦር መሣሪያ ከተማ፣ ተብላ ነበር። ሚያዝያ 1 ቀን 1803 የወጣው የናፖሊዮን ዘመን ሕግ ደግሞ ልጅ የሚሰየመው በቀን መቁጠሪያዎች ላይ ባሉና በጥንት ታሪክ በታወቁ ሰዎች ስም ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ሕጉ በየጊዜው እየላላ ቢመጣም ሙሉ በሙሉ የተነሣው ጥር 8 ቀን 1993 ነው። ኤትየን በታኅሣሥ 26 ቀን የሚታሰብ ቅዱስ ስለሆነ በዚያ ዘመን ሁሉ በር አልተዘጋበትም። ስሙ በሚስዮኖችና በቅኝ አገዛዝ ወደ አፍሪካም ሄዷል፤ እዚያ ግን ታሪኩ ይከብዳል። የኮንጎው ፖለቲከኛ ኤትየን ቺሴኬዲ በ1932 ሲወለዱ ይህን ስም ተቀበሉ፤ በ1972 ሞቡቱ የክርስትና ስሞችን ሲከለክል ኤትየን ከሕጋዊ ስማቸው ወጣ፤ በኋላ ግን በዚያው ስም ተቃዋሚውን መሩ፣ በ2017 ሞተው በ2019 በዚያው ስም ተቀበሩ። አንድ መንግሥት ስምን በግድ ሲሰጥም በግድ ሲነጥቅም ሰውን እኩል ይበድላል ብዬ አምናለሁ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ኤትየን ተፎካካሪ አገኘ፤ ያውም የገዛ ወንድሙን። ስቴፋን የሚለው መልክ ከላቲንና ከግሪክኛ በቀጥታ የተወሰደ፣ አፍ ያልፋቀው ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከወንድ ልጆች ስሞች እጅግ ከተለመዱት አንዱ ሆነ። ልጄ ለምን ስቴፋን እንዳላለችው ጠይቄያት ነበር፤ ለእስጢፋኖስ ይበልጥ ይቀርባልና። «ስቴፋን የመሥሪያ ቤት አለቆቼ ስም ነው፤ ኤትየን ግን የሽማግሌም የሕፃንም ነው» አለችኝ። ልክ ናት።

ከሊዮን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ወደ ሴንት ኤትየን በባቡር የወሰድሁት ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። የድንጋይ ከሰልና የጦር መሣሪያ ከተማ ነበረች፤ እግር ኳስ የሚወድ ሰው ደግሞ አረንጓዴ ለባሹን ክለቧን፣ ዐሥር ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን የሆነውንና በ1976 በግላስጎው በባየርን ሙኒክ 1 ለ 0 ተሸንፎ የአውሮፓ ዋንጫ ያመለጠውን ያስታውሳል። እኔ ግን የሄድሁት ለሌላ ነገር ነው። የዚያች ከተማ ሰው በፈረንሳይኛ «ስቴፋኗ» ይባላል። ከተማዋ ስሟን አፍ እስኪያልሰው ድረስ ተጠቅማበት ኤትየን ብትባልም፣ ሕዝቧ በስሙ ውስጥ የጠፉትን «ስ» እና «ፋ» መልሶ ይዟል። ገበያው ላይ አትክልት የምትሸጥ ሴት የልጁን ስም ጠይቃኝ ስነግራት «እንግዲያው እርሱም ስቴፋኗ ነው!» አለችና ፖም ሰጠችው። ቃሉ በእርሷ አፍ አባቴን ለሚያውቅ ሰው ጆሮ ምን ያህል ቅርብ እንደ ነበር በጽሑፍ ለማስረዳት ይቸግረኛል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ተርኬላታለሁ፤ ስለ አናባቢውና ስለ አታሚዎቹ በትዕግሥት ሰማችኝ። እርሷን ያሳመናት ግን ሌላ ነው። እዚህ በዓሉ ከልደት በማግሥቱ እንደሆነ ስነግራት «የእኛም ጥር 1፣ ከልደት በሁለተኛው ቀን አይደል?» አለች፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥር 1 ቀን ትደውላለች። ጥቅምት 17 ቀንም፣ ሢመቱ ነው ብላ፣ አትረሳም። ልጁን «እስጢፍዬ» ትለዋለች፤ እርሱም «አቤት» ይላታል።

አሁን ስድስት ዓመቱ ነው፤ ስሙን ይጽፋል። ትምህርት ቤት ዴስኩ ላይ የተለጠፈው ካርድ በትልልቅ ፊደል ስለታተመ ጭረቷ የለችበትም፤ ብዙ ሰው በትልቅ ፊደል ላይ ይተዋታል። ባለፈው ሳምንት እቤት ሲጽፍ እኔ ጨመርሁበትና «ይህች ምንድን ናት?» አለኝ። ድሮ እዚህ «ስ» የምትባል ፊደል ትኖር እንደ ነበር፣ ስትሄድ ይህችን ምልክት እንዳስቀመጠች ነገርሁት። «የት ሄደች?» አለኝ። ከዚያው ወረቀት ግርጌ የቤተሰብ ስሙን በግእዝ ፊደል ጽፌ ሁለተኛዋን ፊደል በጣቴ አሳየሁት። ጥቂት ከተመለከተ በኋላ እስክሪብቶውን አንሥቶ፣ ከላይ ካለችው ጭረት ተነሥቶ እስከ «ስ» ድረስ ረጅም መስመር አሰመረ።